አንድ ጥምቀት፣ ሁለት ማዕድ

በከፋዋ ቦንጋ ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ከተነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና ጴንጤ ልዩነት ይዞራል። እኔ ግን በከፋ ምእመናንን አጥብቆ የፈተነው ዶግማ አይመስለኝም። የፈተናቸው ማዕድ ነው፤ ማለትም ከማንጆ ጋር አብሮ መብላት።

ማንጆዎች በከፋ ነገሥታት ዘመን አዳኞችና የድንበር በሮች ጠባቂዎች ነበሩ። ቋንቋቸው እንደ ሌላው ከፋ ካፊኖኖ ነው። ሆኖም «የማይበላ ይበላሉ» በሚል ከሌላው ጋር አይጋቡም፣ ቤታቸው አይገባም፤ ምግብ ቢሰጣቸውም ከደጅ በእንሰት ቅጠል ነበር። ከሰላቸውና እንጨታቸው ግን ገበያ ላይ ይገዛል።

ክርስትና ወደ ከፋ የገባው በብዙ በር ነው። የኦርቶዶክስ እምነት መንግሥቱ በ1890 ዓ.ም. ከመውደቁ በፊትም ነበረ። ካቶሊኩ አቡነ ማስያስ በ1859 እ.ኤ.አ. መጥተው ከሁለት ዓመት በኋላ ተባረሩ። ፕሮቴስታንቱ ዘግይቶ መጣ። ሁሉም ይህንኑ የመገለል ግንብ አገኙት።

የጽዋ ማኅበርን ተመልከቱ። ተራው የደረሰው አባል ቤቱን ይከፍታል፤ ሌሎቹ ገብተው ከድግሱ ይቀምሳሉ፣ ጠላውን ይጠጣሉ። የማንጆ ደጃፍ የማይረገጥ ከሆነ ማንጆው ምን ተራ ይኖረዋል? ቄሱ ሊያጠምቀው ይችላል፤ ነገሩ የሚከብደው ከቅጽሩ ውጪ፣ የነፍስ አባቱ የማንጆው ቤት ገብቶ እህል ይቅመስ ሲባል ነው።

ደርግ አብሮ ማብላትን በትእዛዝ ሞከረ፤ የማግለሉ ልማድ ግን ከሥርዓቱ በኋላም ዘለቀ። በ1980ዎቹ ማብቂያና ከዚያ ወዲህ ብዙ ማንጆዎች ወደ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ጎረፉ። የሳባቸው ስብከቱ ብቻ አልነበረም፤ ወንድም መባሉም ነው። በአንዳንድ ቦታ ግን እነሱ ሲበዙ ሌሎቹ ወጡ፤ በአንድ ጉባኤ መዘመሩም ቀረ። ስለዚህ ጥፋቱን ለአንድ ቤተ እምነት ብቻ መስጠት ፍትሕ አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በትውልድና በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ያም ሆኖ በ1994 ዓ.ም. የማንጆ ብሶት ደም እስከ መፋሰስ ደረሰ።

ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ናት፤ የሃይማኖት አባቶችም በየመድረኩ ስለ ሰላም ይናገራሉ። ካህናት፣ አባቶች፣ ፓስተሮች ሆይ፦ ንግግሩ ይቆየንና በመጪው በዓል በአንድ የማንጆ ቤት ገብታችሁ፣ ምእመናኑ እያዩ፣ ከቤቱ እንጀራ ቁረሱ።