ከ«እሹሩሩ» ጀርባ፦ በገዳሪፍና በመተማ ድንበር የሚዜሙት የማባበያ ዜማዎች ምን ይናገራሉ?

«እሹሩሩ» የሚለው ቃል የሚያለቅስን ሕፃን ዝም ለማሰኘት ከሚወጣው «እሽ» ከሚለው ድምፅ የራቀ አይመስልም። ዛሬ ከልጅ ማባበልም አልፎ ወጥቷል። ሹማምንት አጥፊን ዝም ብለው ሲያልፉ «እሹሩሩ አሉት» ተብለው ይተቻሉ። ዜማውን ልብ ብሎ ለሚያደምጥ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ የሚያዜመው ማን ነው?

በሰፊው በሚታወቀው የአማርኛ እሹሩሩ የሕፃኑ እናት ቤት የለችም። ወተትና ዳቦ ይዛ ቶሎ እንድትመጣ በሩቅ ትጠራለች። እንግዲህ ድምፁ የአያት፣ የታላቅ እህት ወይም የሞግዚት ነው ማለት ነው። እናት ውኃ ልትቀዳ፣ እንጨት ልትለቅም ወይም ገበያ ስትወጣ ልጁን የምትይዘው ሌላ ሴት በሆነችበት የገጠር ኑሮ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ዜማውን እናቶችም ያዜሙታል፤ ያን ጊዜ እናት ራሷን ከሩቅ ትጣራለች።

ከድንበሩ ማዶ በሱዳን አረብኛ የሚታወቀው የማስተኛ ዜማ ደግሞ የሚጠራው እናትን ሳይሆን እንቅልፍን ነው። እንቅልፍ እንደ ሰው ይለመናል፤ መጥቶ ልጆቹን ዝም እንዲያሰኝም የዱም ፍሬ በዋጋ ይቀርብለታል። ዱም በሱዳን የሚበቅል የዘምባባ ዓይነት ሲሆን ጠንካራና ጣፋጭ ፍሬውን ልጆች ያኝኩታል።

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። በየዓመቱ የቀን ሠራተኞች ከኢትዮጵያ ሳይቀር ለአጨዳ ይጎርፉበታል። በዚህ ምክንያት ዜማው የቅጥር ሥራን ያስታውሳል ለማለት ይቃጣል። ነገር ግን በአረብኛ እንቅልፍ «ኖም»፣ ፍሬው «ዶም» ይባላሉ፤ ሁለቱ ቃላት ቤት ይመታሉ። ፍሬው የተመረጠው ለዜማው ሲባል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለሕፃናት ዜማ የተደበቀ ታሪክ መፈለግ በሌላም አገር የተለመደ ነው። እንግሊዛውያን ልጆች ክብ ሠርተው የሚጫወቱበት «ሪንግ ኤ ሪንግ ኦ ሮዝስ» እ.አ.አ. በ1665 ለንደንን ስለመታው ወረርሽኝ ይናገራል ይባላል። የሥነ ቃል አጥኚዎች ግን ይህን አይቀበሉም፤ ዜማው በጽሑፍ የታየው በ19ኛው መቶ ዘመን ሲሆን የወረርሽኙ ትርጓሜ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ዜማ ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ የአኗኗር ምስክር ሆኖ ቢነበብ ይሻላል።

የድንበሩ ኑሮ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተናውጧል። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ፤ ኡም ራኩባ መጠለያም ዳግም ተከፈተ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ጉዞው ተገለበጠ፤ ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ገብተው በኩመርና በአውላላ ሰፈሩ።

በስደተኞች ምዝገባ ያለ ወላጅ የመጡ ሕፃናት ለብቻቸው ይመዘገባሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹን የሚያባብላቸው አያት፣ ታላቅ እህት ወይም መንገድ ላይ ያገኟቸው ጎረቤት ነው።