«የሐበሻ ጉበት» የሚባል ነገር የለም

ወሬው በብዙ መልክ ይዞራል። አንዱ «ለፈረንጅ የተሠራ መድኃኒት የሐበሻ ሰውነት ያቃጥለዋል፤ ሁለት ፍሬ ካልዋጥህ አይሰማህም» ይላል። ሌላው ደግሞ ሳይንስ ጠቅሶ «ከሦስት ኢትዮጵያውያን አንዱ መድኃኒት የማይሠራበት ጂን እንዳለው ተረጋግጧል» ብሎ ያጠናክረዋል። ከወሎዋ መካነ ሰላም ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ገበሬ ይህን አምኖ የሕመም ማስታገሻውን በእጥፍ ቢውጥና ሌሊት ትንፋሹ ቢከብድ፣ ሐኪም ቤት ለመድረስ ያን ሁሉ ዳገት መውጣት አለበት። ስለዚህ ይህ ወሬ እንደ ቀላል ጨዋታ የሚታለፍ አይደለም።

ወሬው ግን ከሜዳ አልተነሣም። ከጀርባው አንድ ትክክለኛና ታላቅ ጥናት አለ፤ እሱን አጣመው ነው የሚያወሩት። የጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ እሌኒ አክሊሉ ናቸው፤ ዛሬ ስቶክሆልም በሚገኘው ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሐሩር አካባቢ ፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ሥራ 122 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ተጠንተዋል። ተሳታፊዎቹ ዴብሪሶኪን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ወስደው፣ ምን ያህሉ ሳይለወጥ ምን ያህሉ ተለውጦ እንደወጣ በሽንታቸው ተለካ። ጂናቸውም ተመረመረ። ከመቶ 29ኙ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን በትርፍ ቅጂ ተገኘባቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው።

በዚያ ጥናት ውስጥ «መድኃኒት አይሠራባቸውም» የሚል ቃል የለም። የተለካው አንድ ኢንዛይም ነው። ጉበት መድኃኒትን የሚለውጡ ብዙ ኢንዛይሞች አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱ መድኃኒቶች አሉት። ወሬውን የሚያፈርሰውም የዚህ አንድ ኢንዛይም አሠራር ነው።

ሲዋይፒ2ዲ6 በጉበት ውስጥ ካሉት የሲዋይፒ ቤተሰብ ኢንዛይሞች በመጠን ጥቂት ድርሻ ብቻ ያለው ነው። ሆኖም በሥራ ላይ ካሉት መድኃኒቶች ሩብ ያህሉ በእጁ ያልፋል። መኖሩ የታወቀው በአደጋ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆቹ) ለንደን ውስጥ ሮበርት ስሚዝ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ዴብሪሶኪን በራሱ ላይ ሞከረ። ሌሎቹ ደህና ሲሆኑ እሱ ግን ግፊቱ ወርዶ መቆም አቃተው። በዚያው ጊዜ ጀርመን፣ ቦን ከተማ፣ ሚሼል አይሸልባውም ስፓርቴይን የተባለ የልብ መድኃኒት ሲያጠና፣ መድኃኒቱ በጥቂት ሰዎች ላይ ከሌሎቹ በተለየ እንደሚበረታ አስተዋለ። ሁለቱም የደረሱበት አንድ ነገር ነው፦ አንዳንድ ሰው የሚሠራ ሲዋይፒ2ዲ6 ጭራሽ የለውም፤ መድኃኒቱ ሳይለወጥ በደሙ ይከማቻል።

ተቃራኒው የታየው ቆይቶ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ የተለመደውን መጠን ወስደውም መድኃኒቱ በደማቸው ውስጥ በበቂ መጠን የማይገኝ የድባቴ ሕሙማን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ምሥጢሩ ተፈታ። የአንድ ስዊድናዊ ቤተሰብ አባትና ልጆች ጂኑን በአንድ ክሮሞዞም ላይ ደርዘን ያህል ጊዜ ተደርድሮ ይዘውት ተገኙ። እንዲህ ያለው ድርድር የሚፈጠረው የዘር ሕዋስ ሲዘጋጅ ነው። ከአባትና ከእናት የመጡት ሁለት ክሮሞዞሞች ጎን ለጎን ተጋጥመው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። በጂኑ ግራና ቀኝ ያለው የዲኤንኤ ጽሑፍ ተመሳሳይ ሲሆን ግጥምጥሙ ይንሸራተታል፤ አንዱ ሁለት ቅጂ ይዞ ሲሄድ ሌላው ባዶውን ይቀራል። አንዴ ሁለት የሆነው ደግሞ በቀጣዩ ትውልድ ሦስትና አራት ለመሆን ይቀልለዋል። ቅጂው በበዛ ቁጥር ኢንዛይሙ ይበዛል፤ ኢንዛይሙ በበዛ ቁጥር መድኃኒቱ ቶሎ ይለወጣል።

«ቶሎ ይለወጣል» ማለት ግን «ቶሎ ይጠፋል» ማለት አይደለም። ወሬው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ መንደር አንድ ወፍጮ በነበረበት ሦስት ቢተከሉ እህሉ ቶሎ ያልቃል፤ ዱቄቱ ግን ይበዛል። ፈዋሹ እህሉ ከሆነ ወፍጮ መብዛቱ ሕመምተኛውን ይጎዳዋል፤ ፈዋሹ ዱቄቱ ከሆነ ደግሞ ሳያስበው ከልክ በላይ ይደርሰዋል።

አሚትሪፕቲሊን የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ለድባቴና ለነርቭ ሕመም ይሰጣል፤ ትርፍ ቅጂ ባለው ሰው ደም ውስጥ ሊሳሳ ይችላል። ኮዴይን ሁለተኛው ነው። ራሱ ኮዴይን ደካማ ነው፤ ጉበት ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው ሕመም የሚያስታግሰው። ለዋጩ ሲዋይፒ2ዲ6 ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ያንኑ ፍሬ ውጦ ብዙ ሞርፊን ይሠራል፤ ሞርፊን ሲበዛ መተንፈስን ያዳክማል። ትራማዶልም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ኮዴይንና ሕፃናት ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በሰንጠረዡ ውስጥ «አፍሪካዊ/ኢትዮጵያዊ፣ 29 በመቶ» ብሎ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ኮዴይንም ትራማዶልም ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጡ ከልክሏል። እንግዲህ «ሐበሻ ነህና ሁለት ዋጥ» የሚለው ምክር አንድ ኢትዮጵያዊ ሊያደርገው ከሚገባው ጥንቃቄ ፍጹም ተቃራኒው ነው።

ሦስተኛ ምሳሌ ከራሱ ከገበሬው አካባቢ አለ። መካነ ሰላም ደጋ ነች፤ ከሥሯ ያለው የዓባይ ሸለቆ ግን የወባ አገር ነው። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል። የተደበቀውን ከሚገድሉት መድኃኒቶች አንዱ ፕሪማኪን ነው፤ እሱም ሳይለወጥ አይሠራም፤ የሚያነቃው ይኸው ሲዋይፒ2ዲ6 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ኢንዛይሙ የደከመባቸው ሰዎች ፕሪማኪን ወስደውም ወባው ሊያገረሽባቸው ይችላል። ስለዚህ ወሬው እንደ ጉድለት የሚያወራለት ጂን እዚህ ላይ ባለቤቱን ሊረዳው ይችላል።

ለምን በእኛ ዘንድ በዛ? የካሮሊንስካው ማግኑስ ኢንገልማን-ሰንድበርግ አንድ መላ ምት አላቸው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ምግብ ሲጠፋ፣ በመራራ ዕፅዋት ውስጥ ያለውን አልካሎይድ ቶሎ የሚያፈርስ ጉበት ያለው ሰው ሌላው የማይደፍረውን በልቶ ያድር ነበር ይላሉ። እዚህ ላይ ግብጦ ትዝ ይለኛል። ከዓባይ ማዶ ጎጃም ውስጥ ይመረታል። ጥሬው መራራ ነው፤ ቆልተው ወይም ቀቅለው፣ በጆንያ ቋጥረው፣ ምሬቱ እስኪለቅ ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ያሳድሩታል። ከዚያ በኋላ ነው የሚቆረጠመው፤ አረቄም ይወጣለታል። ያ ምሬት አልካሎይድ ነው፤ የቦኑ ስፓርቴይን የዚያው የግብጦ ወገን ኬሚካል ነው። ጉበታችንና ወራጁ ውኃ አንድ ዓይነት ሥራ ተካፍለው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መላ ምት ነው፣ ሌሎች ማብራሪያዎችም አሉ። ደግሞም የ1966 ዓ.ም. ወይም የ1977 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ «ጂናችንን ቀየረው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አልቀየረውም። እንዲህ ያለ ለውጥ በሕዝብ ውስጥ የሚስፋፋው በብዙ መቶ ትውልድ ነው።

ጂንም ቢሆን የመጨረሻውን ቃል አይናገርም። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ሥራ ለእኔ ከ1996ቱ ይበልጣል። ኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጸሩ። ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ አገር ቤት ያሉት ዴብሪሶኪንን የሚለውጡት ቀስ ብለው ነበር። እዚህ የምንበላው፣ የምንጠጣው ወይም የምንተነፍሰው ነገር ኢንዛይሙን ይዞታል ማለት ነው። የትኛው ነገር? ጫት አንዱ ተጠርጣሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ላይ የተሠራ ጥናት ጫት ሲዋይፒ2ዲ6ን እንደሚያዳክም አሳይቷል። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ 29 በመቶ ትርፍ ቅጂ አለው ማለት 29 በመቶ እጅግ ፈጣን ነው ማለት አይደለም። 122 ሰውም ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ አመላካች እንጂ ቆጠራ አይሆንም።

«የሐበሻ ሰውነት ሁሉን ያቃጥላል» ለሚል ሰው ደግሞ ኤፋቪሬንዝን ላስታውሰው። ለዓመታት የኤችአይቪ ሕሙማን ማታ የሚውጡት፣ ቅዠትና ማዞር ያስከትል የነበረው መድኃኒት ነው፤ አሁን ዶሉተግራቪር ተክቶታል። እሱን የሚለውጠው ሌላ ኢንዛይም፣ ሲዋይፒ2ቢ6 ነው። የዚህ ኢንዛይም ዘገምተኛ ዓይነት በኢትዮጵያውያን ዘንድ በብዛት አለ። ጌትነት ይመርና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ይህ ዓይነት ጂንና ከፍ ያለ የኤፋቪሬንዝ መጠን ከጉበት ጉዳት ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ይኸው ሕዝብ በአንዱ ፈጣን፣ በሌላው ዘገምተኛ ነው። አንድ ሰውም እንዲሁ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።

ሙያው ራሱ ያልተስማማበትንም መደበቅ አይገባም። ታሞክሲፈን የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው፤ ኤንዶክሲፈን ወደሚባል ብርቱ ውጤት የሚለውጠው ሲዋይፒ2ዲ6 ነው። እሌኒ አክሊሉና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፋርማኮሎጂ መምህር ፕሮፌሰር እያሱ መኮንን ከተሳተፉባቸው ጥናቶች አንዱ፣ በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ደም ውስጥ ያለው የኤንዶክሲፈን መጠን በዚህ ጂን እንደሚወሰን አሳይቷል። ጂኑ ግን ካንሰሩ ተመልሶ በመምጣቱ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ትንተናዎች ግንኙነት አላገኙም፤ ተቺዎች ደግሞ ጂኑ የተነበበው ከዕጢው እንጂ ከደም ስላልነበረ ውጤቱ ተበላሽቷል አሉ። የሙያ መመሪያዎች እስከ ዛሬ ይለያያሉ። እናት ኮዴይን ወስዳ ጡት የጠባ ሕፃን ሞተ ስለተባለው የካናዳ ታሪክም ጽኑ ክርክር ተነሥቷል፤ እሱን እንደ ማስረጃ አላቀርብም። ያለ እሱም ኮዴይን ለልጆች አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ በቂ ነገር አለ።

በመካነ ሰላም የጂን ምርመራ የሚጠብቅ የለም፤ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው ለሐኪም መናገር ነው። አሚትሪፕቲሊን ለሳምንታት በትክክል ተውጦ ምንም ካልተሰማ፣ መጠኑን የሚጨምረው ወይም መድኃኒቱን የሚቀይረው ሐኪሙ ነው። ጫት የሚቅም ሰው ይህንንም ይናገር። ትራማዶል ወይም ኮዴይን የወሰደ ሰው ከልክ በላይ ካንቀላፋ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ሁለተኛው ፍሬ መሰጠት የለበትም፤ ሕመምተኛው ብቻውን ሳይተው፣ የመድኃኒቱ ሽፋን ተይዞ፣ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።