ሞተሩ ዝም ሲል ስንት ኪሎ ሜትር ይቀራል?

ሴስና 172 የተባለችው ባለአራት መቀመጫ አውሮፕላን ሞተሯ አየር ላይ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ አትወድቅም። ነፋስ በሌለበት፣ ከመሬት 1,000 ሜትር ከፍ ብላ ከነበረ፣ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ተንሸራትታ ማረፊያ መፈለግ ትችላለች።

ይህ 9 ለ 1 የሚመጣው ክንፉ ሽቅብ በሚያነሳበትና አየሩ ወደ ኋላ በሚጎትትበት ኃይል መካከል ካለው ንፅፅር ነው። ረጃጅምና ቀጫጭን ክንፍ ያላቸው የውድድር ተንሸራታች አውሮፕላኖች ከ50 ለ 1 ያልፋሉ።

ንፅፅሩ ከፍተኛ የሚሆነው ግን በተወሰነ ፍጥነት ነው፤ ለሴስናዋ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፍጥነቱ ከዚያ ሲያልፍ የአየሩ ግጭት ይበረታል፤ ከዚያ ሲያንስ ደግሞ ክንፉ ሽቅብ ለማንሳት ሲታገል የሚፈጥረው ጎታች ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ የተጨነቀ አብራሪ ርቀት ለማትረፍ አፍንጫዋን ቀና ቢያደርግ የሚያገኘው የባሰ ቁልቁለት ነው። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ስሕተት በመሆኑ፣ ተማሪ አብራሪ ትክክለኛውን ፍጥነት እጁ እስኪለምደው ደጋግሞ ሊለማመደው ይገባል። የሚያስገርመው፣ ክብደት ርቀቱን አይቀንስም፤ ብዙ የጫነችው ሴስና እዚያው ትደርሳለች፣ ፈጥና በመብረር።

ሽቅብ ሲወጣ ግን ክብደት ምሕረት የለውም። ከፍታ የሚገዛው ሞተሩ ጎታቹን ኃይል አሸንፎ በሚተርፈው ጉልበት ብቻ ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው የአዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የፒስተን ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፤ ጎታቹ ኃይል ግን ያው ነው። አብራሪው ያለው አማራጭ ጭነት ቀንሶ፣ አየሩ ጥቅጥቅ በሚልበት የማለዳ ቅዝቃዜ መነሳት ነው።