መንሥኤና ተዛምዶ፦ በኅብረተሰብ ጤና ጥናት የሚያገለግሉ ስያሜዎች ማብራሪያ

አንድ የጤና ጥናት ዘገባ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን አብዝቶ የሚፈትነው የበሽታው ወይም የመድኃኒቱ ስም አይደለም። ከባዱ ሥራ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር፣ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ከሚናገረው መለየት ነው። «ቀነሰ» የሚለው ግስ ተሻጋሪም የማይሻገርም ሆኖ ስለሚያገለግል ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። «መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ የልብ ሕመም ቀንሶ ተገኘ» ሲባል የተነገረው የታየው ብቻ ነው። «መድኃኒቱ የልብ ሕመምን ይቀንሳል» ሲባል ግን መድኃኒቱ አድራጊ፣ ሕመሙም በተሳቢዋ «ን» ምልክት ተደራጊ ይሆናል። የመጀመሪያው ምልከታ ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ነው።

ፍርዱ ሲቸኩል ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው የነርሶች ጤና ጥናት በ1991 ባወጣው ዘገባ፣ ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ ኤስትሮጅን በሚወስዱት ሴቶች ዘንድ ብርቱ የልብ ሕመም ከማይወስዱት በግማሽ ገደማ አንሶ ተገኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ 16,608 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ለአንዱ ወገን ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን፣ ለሌላው ወገን ባዶ ክኒን ተሰጠ። ይህ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2002 ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ሆርሞኑን በወሰዱት ዘንድ የልብ ሕመም ሊያንስ ቀርቶ ከፍ ብሎ ታየ፤ የጡት ካንሰርም በዛ። የፊተኛውን ዘገባ «ይቀንሳል» ብሎ የተረጐመ ሰው ጥናቱ ያላረጋገጠውን ለአንባቢው አስረክቧል ማለት ነው።

ስለዚህ የስያሜዎቹን ድንበር ማበጀት ያስፈልጋል። ለአድራጊው ነገር አማርኛ ሦስት ቃላት አሉት፦ ምክንያት፣ ሰበብና መንሥኤ። «ምክንያት» ሰፊ ነው፤ ነገር ግን «አመካኘ» ከሚለው ግስ ጋር ስለሚዛመድ የማሳበብ ጥላ አለበት። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ይህንኑ ያመለክታል። ከዐረብኛ የመጣው «ሰበብ» ደግሞ «በሰበብ አስባቡ» እንደሚባለው ወደ ማመካኛነት ይበልጥ አዘንብሏል። «መንሥኤ» ግን ከግእዙ «አንሥአ» የወጣ ሆኖ «የሚያስነሣ» ማለት ስለ ሆነና ከዚህ ጥላ ነጻ ስለ ሆነ ለሳይንሳዊው ፅንሰ ሐሳብ የተሻለ ነው። «ምክንያት» ለሰው ውሳኔና ለክርክር ቢተው ይመረጣል።

አብሮ መታየትን ለመግለጥ «ተዛምዶ» ተስማሚ ነው። ሥሩ ዝምድና መሆኑም ለማስረዳት ይረዳል። ሁለት የአክስት ልጆች ዘመዳሞች ናቸው፤ ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደውም፤ ያገናኛቸው አያታቸው ነው። በጥናት ውስጥ እንደዚሁ ሁለት ነገሮች ከአንድ ሦስተኛ ነገር ስለ ወጡ ብቻ ሊዛመዱ ይችላሉ። በምልከታ ጥናቶች ሆርሞን ይወስዱ የነበሩት ሴቶች በአብዛኛው የተሻለ ኑሮና ለጤናቸው የበለጠ ጥንቃቄ ያላቸው ነበሩ፤ ይህም ሁኔታ ለሆርሞኑም ለልብ ጤንነትም እንደ አያት ሊቈጠር ይችላል።

ለዚህ ሦስተኛ ነገር «አደናጋሪ» የሚል ስያሜ ሊታሰብ ይችላል። ሆኖም ቃሉ የሚናገረው ስለ ተመልካቹ መደናገር እንጂ በመረጃው ውስጥ ስላለው ነገር አይደለም። የባዕዱ ቃል የላቲን ሥር «አብሮ ማፍሰስ፣ መደባለቅ» ማለት ነው። በዚህም መሠረት ከ«ቀየጠ» የሚወጣው «ቀያጭ» ይበልጥ ይስማማል፤ ቅየጣውም የሁለት መንሥኤዎች ውጤት እንደ ጤፍና እንክርዳድ ሳይለይ በአንድነት መሰፈሩ ነው።

«ምልከታዊ ጥናት» ተመራማሪው ማን ምን እንደሚወስድ ሳይወስን ያለውን ብቻ የሚመዘግብበት ነው። «ሙከራዊ ጥናት» ግን ምደባውን ራሱ የሚያደርግበት ሲሆን፣ «የዕጣ ምደባ» የሚለው ሐረግ ያለ ማብራሪያ ይገባል። ዕጣ ለሀብታምና ለድኃ፣ ለጠንቃቃና ለግዴለሽ ስለማያደላ ቀያጮችን በሁለቱም ወገን ያመጣጥናል።

ይህ ማለት ግን ምልከታ የተናቀ ነው ማለት አይደለም። ሰውን በዕጣ ትንባሆ ማስጨስ አይቻልም። ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት ጥናት የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል የማያጨሱት 2 ብቻ ሲሆኑ፣ በሌላ በሽታ ከተኙት 649 ወንዶች መካከል 27 ነበሩ። ከዚህና ከተከታዮቹ ጥናቶች ትንባሆ መንሥኤ መሆኑ ተረጋገጠ። ሂል እ.ኤ.አ. በ1965 ተዛምዶን መንሥኤ ከማለት በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸውን ዘጠኝ ነጥቦች ዘረዘረ፤ ከእነዚህም የተዛምዶው ጥንካሬ፣ በተለያዩ ጥናቶች መደጋገሙና መንሥኤው ከውጤቱ መቅደሙ ይገኙባቸዋል።

የዘመኑ ጥናት ደግሞ «ሴቶቹ ሆርሞኑን ባይጀምሩ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በአማርኛ የራሱ ሰዋስዋዊ መልክ አለው፤ «ቢሆን ኖሮ» ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ያሳስባል። ስለዚህ አዲስ ቃል ከመፍጠር «የቢሆን ኖሮ ንጽጽር» ማለቱ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሚጌል ኸርናንና ባልደረቦቹ የነርሶቹን መረጃ ልክ እንደ ሙከራ አሰናድተው፣ ሆርሞን የጀመሩትን ካልጀመሩት ጋር ባነጻጸሩ ጊዜ ውጤቱ ለዕጣው ሙከራ እጅግ ቀረበ። የቀረውንም ልዩነት በአብዛኛው ያብራሩት ከወር አበባ መቋረጥ እስከ መጀመሪያው ክኒን ያለፈው ጊዜና የክትትሉ ርዝመት ነበሩ። እንግዲህ ጥፋቱ የምልከታ ብቻ ሳይሆን የጥያቄው አለመጥራትም ነበር።

ከዚህ በላይ በተገለጠው መሠረት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል፦

መንሥኤ — ውጤትን የሚያስነሣ ነገር።
ተዛምዶ — አብሮ መታየት፤ መንሥኤነትን ብቻውን አያረጋግጥም።
ቀያጭ — የመንሥኤና የውጤት የጋራ ምንጭ በመሆን ተዛምዶን የሚያዛባ ነገር።
አጋላጭ ሁኔታ — ለበሽታ የመያዝ ዕድል ከፍ ብሎ የሚታይበት ሁኔታ፤ መንሥኤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።
ግመታ — መጠንን ከመረጃ የማስላት ተግባር፤ «ግምት» ለተገኘው ቍጥር ይቀመጥ።
የቢሆን ኖሮ ንጽጽር — የሆነውን በሌላ ሁኔታ ሊሆን ይችል ከነበረው ጋር ማስተያየት።

ተርጓሚዎች ስያሜዎቹን ሲጠቀሙ ግሱንም እንዲጠብቁ አደራ እንላለን። ምንጩ «ተዛምዶ ታየ» ካለ በአማርኛውም «አመጣ»፣ «አዳነ»፣ «ቀነሰ» ሊባል አይገባም። ለታማሚው ክኒኑን ለመዋጥ ወይም ለመተው የሚያበቃው ይኸው አንድ ግስ ሊሆን ይችላልና።