በረዶ እዚህ ሰብል ይመታል፣ እዚያ ልጅ ያጫውታል፤ የጀማሪ ቤተሰብ ስኪ በስንት ያልቃል?

ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ «በረዶ ጣለ» ከተባለ ሰው የሚሮጠው ወደ ማሳው ነው። በርበሬው ተመትቶ እንደሆነ፣ የበቆሎው ቅጠል ተሰነጣጥቆ እንደሆነ፣ ጤፉ ተኝቶ እንደሆነ ለማየት። በዚያ አገር በበረዶ የሚደሰት ቢኖር ከደጅ እፍኝ ለቅሞ አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃን ብቻ ነው፤ እሱም እናቱ እስክታየው ድረስ።

ኖርዌይ ላይ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እዚያ በረዶው እንደ ጠጠር ሳይሆን እንደ ባዘቶ ሆኖ ነው የሚወርደው። ሲጥል ሰው ደስ ይለዋል፣ ሳይጥል ከቀረ ይከፋዋል። ኖርዌያውያን ስለ ራሳቸው ሲያወሩ «ስኪ እግራችን ላይ አድርገን ነው የተወለድነው» ይላሉ። ትምህርት ቤቶቻቸውም ብርዱ ሲጠና የስኪ ቀን ብለው አንድ ቀን ይመድቡና ተማሪውን በሙሉ ይዘው ወደ በረዶው ይወጣሉ።

ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ከምዕራብ ጎጃም ወጥቶ ኦስሎ የገባ አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። አባት የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ እናት የቡሬ፣ ከሦስት ልጆች ጋር። ከትምህርት ቤት «ሐሙስ ልጅዎ ስኪውን ይዞ ይምጣ» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። አባት ስኪን በቴሌቪዥን አይቶ እንደሆነ እንጂ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ታዲያ ምን ያድርግ? አንዱ መንገድ «ልጄ አሞታል» ብሎ ማስቀረት ነው። ሌላው ወደ ሱቅ ሮጦ ለአምስት ሰው አዲስ ስኪ፣ ቦት ጫማ፣ ዘንግና ጃኬት መግዛት፣ ከዚያም ዕዳውን ሲከፍሉ መክረም ነው። ማስቀረቱ ቀላል ይመስላል፤ ግን አርብ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ትናንቱ በረዶ ሲሆን ልጁ ምን ብሎ ያወራል? መግዛቱም ቢሆን ከንቱ ወጪ ነው። የልጅ እግር በየዓመቱ ያድጋል፣ የዘንድሮው ቦት ለከርሞ አይገባም።

ደስ የሚለው ነገር ሁለቱም አያስፈልጉም። ኖርዌይ ውስጥ ቡዋ የሚባሉ የዕቃ ማዋሻ ቤቶች አሉ። ልጆችና ወጣቶች ስኪውን፣ ቦቱን፣ የራስ ቁሩን እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሰው ይመልሳሉ፤ ኪራይ የሚባል የለም። ስዊድን ደግሞ ፍሪቲድስባንከን የሚባል አለ። «ባንክ» የሚለው ስም አያስፈራ፤ ብር አይጠይቅም። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴዬ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተጀምሮ ዛሬ በመላ አገሪቱ ተዳርሷል። ማንም ሰው፣ ሕፃንም ይሁን አዋቂ፣ ዕቃውን ለ14 ቀን በነፃ ይወስዳል። የደሀ መርጃ ነው ተብሎ የሚያፍር ካለ ተሳስቷል፤ የአገሬው ሰውም ይወስድበታል።

«ለመሆኑ ሐበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ሮቤል ተክለማርያም ነው። ሮቤል በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ሄደ። ስኪን የያዘው ሌክ ፕላሲድ ውስጥ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ነበር። ሌክ ፕላሲድ ማለት የ1932ንና የ1980ን የክረምት ኦሊምፒክ ያስተናገደች ከተማ ናት። ኋላም በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ ተወዳድሯል። በየካቲት 1998 ዓ.ም. (2006 እ.ኤ.አ.) ቱሪን ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ባንዲራ ብቻውን ይዞ ገባ፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ሆነ። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ 93ኛ ሆኗል። አዲስ አበባ ሲመጣ በረዶ ስለሌለ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። መንገደኛው ምን ብሎ እንዳየው መገመት አይከብድም።

ወርቅ ለለመደ ሕዝብ 83ኛ ምኑ ነው? እንዲህ የሚል ይኖራል። ለጀማሪ ቤተሰብ ግን የሮቤል ነገር የሚጠቅመው በደረጃው አይደለም፤ በመረጠው የስኪ ዓይነት ነው። ሮቤል የሮጠው አገር አቋራጭ ነው። ለእኛ አንባቢ ይሄ ቃል አዲስ አይደለም፤ የነቀነኒሳ በቀለ አገር አቋራጭ በረዶ ላይ ሲሆን ማለት ነው።

ስኪ ሁለት ዋና ዋና መልክ አለው። አንደኛው ቁልቁለቱ ነው። በሊፍት ተራራ ላይ ተወጥቶ፣ ተረከዝን ጭምር ጠፍንጎ በሚይዝ ከባድ ቦት ወደ ታች መወርወር። በማስታወቂያ የሚታየው ይሄ ነው። ሁለተኛው አገር አቋራጩ ሲሆን ስኪው ቀጭንና ቀላል፣ ተረከዙ ነፃ፣ መንገዱ በአብዛኛው ሜዳና ለስላሳ ዳገት ነው። ሊፍት የለውም። ሊፍት ከሌለ ደግሞ የሊፍት ትኬት የለም፤ ኪስ የሚያራቁተው ደግሞ ይሄው ትኬት ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። ኮሎራዶ ውስጥ ቬይል በሚባለው ዝነኛ ቦታ፣ በሰሞኑ ዋጋ በዕለቱ የሚገዛ የአንድ ቀን ትኬት በቅርብ ዓመታት ከ300 ዶላር አልፏል። ለባልና ለሚስት ብቻ ከ600 ዶላር በላይ ማለት ነው፤ ልጆቹ ሳይቆጠሩ፣ ስኪ ሳይከራይ፣ አስተማሪ ሳይቀጠር፣ አንድ ሲኒ ሻይ ሳይጠጣ። ጀማሪ ደግሞ ያንን ሁሉ ተራራ ምን ያደርግበታል? ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከታች ባለችው ትንሽ ተዳፋት ላይ ነው። መራመድ ለሚለማመድ ሕፃን አዲስ አበባ ስታዲየምን እንደ መከራየት ይቆጠራል።

ኦስሎ ያለው ቤተሰብ ግን በከተማው ባቡር 1 ቁጥር መስመር ተሳፍሮ ስኪውን በእጁ ይዞ እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ ፍሮግነርሴተረን ድረስ መሄድ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ጫካው ውስጥ የተዘረጋው የአገር አቋራጭ መንገድ በር የለውም፣ ትኬት ቆራጭ የለውም። ከፊሉም ማታ ማታ መብራት ይበራበታል። ወጪው የባቡሩ ብቻ ነው። ለመጀመሪያዋ ቀን ግን ወደ ጫካው ከመዝለቅ በሰፈር ያለ ሜዳ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት መውደቅ መነሳቱን መልመድ ይሻላል።

«ልጆቹ ቁልቁለቱን ካልሞከርን ብለው አስቸገሩ» የሚል ወላጅ ካለ ትንሽ ኮረብታ ይፈልግ። ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ በክ ሂል የሚባል ቦታ አለ። ከግርጌው እስከ ጫፉ 100 ሜትር አይሞላም። የጎጃም ሰው ቢያየው «ይሄ ደግሞ ተራራ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ታዲያ ሊንዚ ቮን ስኪ የተማረችው እዚያች ጉብታ ላይ ነው! ሮቤል 93ኛ በወጣበት በዚያው በቫንኩቨሩ ኦሊምፒክ የቁልቁለቱን ወርቅ የወሰደችው ቮን ማለት ናት። ካናዳ ደግሞ ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ስኖውፓስ የሚባል ካርድ አለ። በትንሽ ክፍያ አንድ ጊዜ ከወጣ ልጁ በተለያዩ ቦታዎች የተወሰኑ ቀናት በነፃ ይንሸራተታል። ካልጋሪና ቶሮንቶ ያለ ወላጅ ልጁ እነዚህን ክፍሎች ሳያልፍ ቢያስብበት መልካም ነው።

ጊዜም ብር ነው። የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት፣ እንዲሁም በየካቲት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሳምንት ዋጋው የሚሰቀልበት ወቅት ነው። እነሱ በዓላቸውን ጨርሰው ወደ ሥራ ሲመለሱ ዋጋውም ሰልፉም ጋብ ይላል። ደግነቱ የእኛ ገና የሚውለው ልክ በዚያን ሰሞን ነው። ታህሳስ 29ን በዶሮ ወጥ አክብሮ ቅዳሜን በረዶ ላይ መዋል ዋጋው ከሚሰቀልበት ወቅት ይረክሳል።

ዕቃው ከተገኘና ቦታው ከተመረጠ በኋላ ቀኑን የሚያበላሹት ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ብዙ ጀማሪ ብርድ ፈርቶ ሁለት ካልሲ ደርቦ ይመጣል። ቦቱ ሲጠብ ደም አይዘዋወርም፣ እግሩ ይባስ ይቀዘቅዛል። አንድ የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ አይለበስም፤ ጥጥ ላብ ይመጥና እርጥብ ሆኖ ሰውነት ላይ ይቀራል። በላይ በላዩ ስስ ስስ ልብስ ደርቦ ሲሞቅ ማውለቅ ነው የሚያዋጣው። ውድ ጃኬት አያስፈልግም፣ ውኃ የማያስገባ ከሆነ ይበቃል። የፀሐይ መነጽር ግን አይረሳ። አዲስ በረዶ አደገኛውን የፀሐይ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ወደ ፊት ይረጨዋል፤ በደጋ ፀሐይ ያደገ ሰውም ቢሆን ዓይኑ አይችለውም።

ኪራይ ቤት ሲገባ ክብደት ይጠየቃል። እዚህ ላይ ሰው ያፍራል፣ በተለይ ወይዛዝርቱ አምስት ስድስት ኪሎ ቀንሰው ይናገራሉ። ለቁልቁለት ስኪ እንዲህ ማድረግ ጉዳት አለው። ቦቱን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው መያዣ የሚስተካከለው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜና በችሎታ ነው። ሰውየው ሲወድቅ ስኪው በጊዜው መፈታት አለበት። ሳይፈታ ከቀረ ጉልበት ይጠመዘዛል፤ ያለጊዜው ከተፈታም መንገድ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ለባለቤቱ የማይነገር ኪሎ ለኪራይ ቤቱ ልጅ ይነገር!

ከሁሉም በላይ ብር የሚገባው ለአስተማሪ ነው። በብዙ ትናንሽ ቦታዎች ኪራዩን፣ የጀማሪ ሊፍቱንና የቡድን ትምህርቱን አንድ ላይ አድርገው በቅናሽ የሚሸጡት ጥቅል አለ፤ መጠየቅ ነው። አባት ማታ ቪዲዮ አይቶ ጠዋት ሚስቱን ላስተምር ካለ ቤት ድረስ የሚዘልቅ ኩርፊያ ይከተላል። አስተማሪዎቹ ለልጆች ዘዴ አላቸው። የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት አቀራርቦ ከኋላ መክፈት «ፒዛ» ይባላል፣ ማቆሚያ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ቀጥ ማድረግ «የድንች ጥብስ» ነው፣ መሄጃ። የአምስት ዓመት ልጅ በአንድ ጠዋት ይይዘዋል። አዋቂው ይዘገያል፤ ምክንያቱም አዋቂ መውደቅ ይፈራል።

መውደቁስ ቢሆን? በ1998 እ.ኤ.አ. ናጋኖ ላይ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት በ10 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ከ92 ጨራሾች 92ኛ ሆኖ ነው የገባው። አሸናፊው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ ሽልማቱን ትቶ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠበቀው፣ አቀፈውም። ቦይት ኋላ ለልጁ ዴሊ የሚል ስም አውጥቶለታል።

ውጭ አገር የማይኖረውስ? ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ቢሆንም ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ ስኪ የሚያስነዳ በረዶ አይይዝም። ሌሶቶ ያለው አፍሪስኪ ግን በ3222 ሜትር ከጮቄ እያነሰ፣ ወደ ደቡብ ርቆ በመገኘቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይንሸራተቱበታል። የእኛ ተማሪዎች እረፍት ላይ የሚሆኑበት ወቅት መሆኑ ነው። ሆኖም እስከ ጆሃንስበርግ በረራ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ረጅም የመኪና መንገድ ስላለው ርካሽ አይባልም። ለብዙው የሚቀርበው ዱባይ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ገበያ አዳራሽ ውስጥ የተከፈተው ስኪ ዱባይ ውጭው በሙቀት ሲነድ ውስጡ ከዜሮ በታች ነው። ጃኬቱም፣ ሱሪውም፣ ቦቱም፣ ስኪውም በትኬቱ ውስጥ ስለሚታሰብ ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ቤተሰብ ምንም ሳይገዛ ሊሞክረው ይችላል።

የቀረው ምሳ ነው። ተራራ ላይ ያለ ካፌ ዋጋው እንደ ተራራው ነው፤ ኖርዌያውያን ራሳቸው ብርቱካንና ቸኮሌት በቦርሳ ይዘው ነው የሚወጡት። ከዚህ በተጨማሪ የስኪው ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በባዶ ሆዱ በረዶ ላይ ቢደክም ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ጿሚው ከሰዓት በኋላ ቢሄድ፣ ወይም የማታው መብራት ያለበትን ቢመርጥ ይሻላል። ስንቁስ? የጎጃም መንገደኛ በሶ ጨብጦ ስንት አገር አቆራርጧል። በሶ የጾም ነው፣ ቦርሳ አያከብድም፣ ቢቀዘቅዝም ይበላል። ልጆቹ ደግሞ ዳቦ ቆሎውን ኪሳቸው ውስጥ ይክተቱት፤ ጓንቱን ማውለቅ ብቻ ነው የሚያስቸግረው።