የስንዴን ወቅት የለመደ ሣር

የእንግሊዝን ስንዴ አምራች እንቅልፍ ከሚነሱት ነገሮች አንዱ ብላክግራስ የሚባል ሣር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ኬሚካል የማይበግረው ይህ አረም በእንግሊዝ በየዓመቱ 800 ሺህ ቶን ያህል ስንዴ እንደሚያሳጣና ወደ 400 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚያከስር ገምቷል።

የሳይንስ ስሙ አሎፔኩረስ ሚዮሱሮይደስ ነው። ዛላው ቀጭንና ወደ ጥቁር ሐምራዊ የሚያደላ ሲሆን፣ አንዱ ዛላ 100 ያህል ዘር ይይዛል። ውሃ የሚቋጥር ከባድ የሸክላ አፈር ይስማማዋል። በእኛ አገር ስናርና ሙጃ ስንዴ ውስጥ እንደሚሸሸጉ ሁሉ፣ እሱም በቡቃያነቱ ከሰብሉ ለመለየት ያስቸግራል። የሣር ወገን በመሆኑም ቅጠለ ሰፊ አረምን ለይቶ የሚያጠፋ መድኃኒት አይነካውም።

ከሁሉም በላይ የሚያበረታው ግን ጊዜ ማወቁ ነው። በእንግሊዝ የክረምት ስንዴ የሚባለው በመስከረምና በጥቅምት ተዘርቶ፣ የታኅሣሥንና የጥርን ብርድ በቡቃያነት አሳልፎ፣ በነሐሴ ገደማ የሚታጨደው ነው። ከብላክግራስ ቡቃያም 80 በመቶ ያህሉ ብቅ የሚለው በዚያው በመጸው ወራት ነው። ዘሩን ደግሞ አብዛኛውን ኮምባይነር ማሳው ውስጥ ሳይገባ ያራግፋል። አጨዳው ሲደርስ የመጪው ዓመት አረም መሬት ላይ ተዘርቶ ያልቃል ማለት ነው።

የቀድሞው እርሻ ይህን ዑደት ይሰብረው ነበር። ገበሬው መሬቱን እየገለበጠ ያርሳል፤ አንዱን ዓመት በጸደይ ገብስ ይዘራል፤ አንዳንዴም ጦም ያሳድራል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን የመጸው ሰብልን ማከታተል፣ ቀድሞ መዝራትና መሬቱን ሳይገለብጡ ላይ ላዩን ማለስለስ ተስፋፋ። ለብላክግራስ ሠርግና ምላሽ ሆነለት።

ክፍተቱን የሸፈነው ኬሚካል ነበር። ሆኖም በ1982 መድኃኒት የተቋቋመ ብላክግራስ ተገኘ። አንዳንዱ ተክል ኬሚካሉ የሚያርፍበት ኢንዛይም ተለውጦበታል። ሌላው ኬሚካሉን ሰባብሮ ጉዳት አልባ ያደርገዋል፤ በዚህ መንገድ የሚያመልጠው ከዚህ ቀደም ያልተረጨበትን መድኃኒት እንኳ ሊቋቋም ይችላል።

ስለዚህ ትኩረቱ ወደ እርሻው አሠራር ዞሯል። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ገበሬ ማሳውን ቀድሞ አለስልሶ አረሙ እስኪበቅል ይጠብቃል፤ ከዚያ ግላይፎሴት የተባለ ፀረ አረም ረጭቶ ይገድለዋል። የእኛ አራሽ ከዘር በፊት ደጋግሞ ማረሱም የበቀለውን አረም ያጠፋል። እንግሊዞቹ የሚጠነቀቁት በመጨረሻው ላይ ነው፤ ሲዘሩ አፈሩን በተቻለ መጠን አይነካኩም። ብላክግራስ የሚበቅለው በአብዛኛው ከላይኛው 5 ሴንቲሜትር ውስጥ ካለ ዘር በመሆኑ፣ አፈሩን መቆስቆስ አዲስ ዘር ወደ ላይ ማውጣት ነው።

ማሳውን ገልብጦ ማረስም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። በጥልቀት ከተቀበረው ዘር በየዓመቱ ከ70 እስከ 80 በመቶው ይሞታል። ነገር ግን በማግስቱ ዓመት ደግሞ ቢያርሱት፣ ያልሞተው ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ አንዴ ገልብጠው ለጥቂት ዓመታት ይተዉታል።

በ2013 የታተመ ሰፊ ግምገማ የየዘዴውን አማካይ ውጤት አስቀምጧል። ገልብጦ ማረስ አረሙን በ69 በመቶ፣ የመስከረሙን ዘር ወደ ጥቅምት መጨረሻ ማዘግየት በ50 በመቶ ገደማ፣ በጸደይ መዝራት በ88 በመቶ ይቀንሳሉ። አረሙን የሚያፍን የስንዴ ዝርያ መምረጥ ደግሞ የዛላውን ቁጥር በ22 በመቶ ዝቅ ያደርጋል። ውጤቱ ከማሳ ማሳ በእጅጉ ይለያያል።

በየዓመቱ በመጸው በሚዘራና በማይገለበጥ ማሳ ላይ፣ አረሙ እንዳይጨምር ብቻ 97 በመቶው መጥፋት እንዳለበት ተመራማሪዎች ያሰላሉ። ከላይ ከተዘረዘሩት አንዱም ለብቻው እዚያ አይደርስም። ማረስና ዘር ማዘግየት ተባብረው በአማካዩ ቢሠሩ ግን ከ100 አረም 16 ያህል ይቀራል። ያን ጊዜ ከኬሚካሉ የሚጠበቀው ከተረፈው 80 በመቶ ያህሉን መግደል ነው፤ መድኃኒት የለመደ አረም ባለበት ማሳ 97ን ከማሳካት ይህ ይቀላል።

ዋጋም ያስከፍላል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ከበረታ ሸክላው ይጨቀይና ትራክተር አያስገባም፤ የዘገየ ገበሬ ጨርሶ ሳይዘራ ሊቀር ይችላል። የጸደይ ስንዴም ብዙውን ጊዜ ከክረምቱ ያነሰ ምርት ይሰጣል። ብላክግራስ የገባበት ማሳ ባለቤት ስለዚህ የሚዘራበትን ቀን የሚመርጠው ለዘንድሮ ምርት ብሎ ብቻ አይደለም፤ ለከርሞ የሚወርሰውንም የአረም ዘር አብሮ ያሰላል።