የሌላው ሰው ውሳኔና የጋራ ግጦሽ

አንድ ሰው የሚያገኘው ጥቅም በራሱ ምርጫ ብቻ ሳይሆን ሌሎች በሚመርጡትም ጭምር የሚወሰን ሲሆን፣ የሚበጀውን ለመለየት ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድሞ መገመት ይኖርበታል፤ እነርሱም በበኩላቸው እርሱን እየገመቱ ይወስናሉ። ይህን የመሰለውን የተሳሰረ ውሳኔ በሒሳብ ዘዴ የሚመረምረው የዕውቀት ዘርፍ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ስያሜው ከቼዝና ከካርታ ጨዋታ ጥናት ይምጣ እንጂ፣ ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ1944 መሠረታዊውን መጽሐፍ ካሳተሙ ወዲህ ዘርፉ ገበያን፣ ጦርነትን፣ ድርድርን፣ የመሬትና የውሃ አጠቃቀምን ሁሉ የሚያካትት ሆኗል።

በዚህ ንድፈ ሐሳብ ወሳኞቹ ተጫዋቾች፣ በፊታቸው ያሉት አማራጮች ስልቶች፣ ከስልቶቹ መገጣጠም የሚገኘው ጥቅም ወይም ጉዳት ደግሞ ውጤት ይባላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውና ከደባርቅ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕር የሚወርደው መንገድ ነገሩን ያስረዳል። ሁለት የጭነት መኪኖች በጠባብ መታጠፊያ ላይ ፊት ለፊት ቢገናኙና ሁለቱም ካላለፍን ቢሉ መንገዱ ይዘጋል፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ቢመለሱ ጊዜ ይባክናል፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ቢያልፍ ግን ሁለቱም ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። አንዱ ካለፈ ሌላው መቆሙ፣ አንዱ ከቆመ ሌላው ማለፉ ስለሚሻል፣ የሌላው ውሳኔ ባለበት እስከጸና ድረስ የራሱን ምርጫ መቀየር ለማንም አይጠቅምም። ይህ ዓይነቱ ሁኔታ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1950 ባረጋገጠውና በ1994 የኖቤል ሽልማት በተጋራው በጆን ናሽ ስም የናሽ ሚዛን ተብሏል። እዚህ ላይ ሚዛኑ ሁለት በመሆኑ የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሽከርካሪ ጉዞን ከግራ ወደ ቀኝ ስታዛውር ያደረገችው ይህንኑ ነበር፤ ሁሉም በአንድነት እስከጠበቀው ድረስ ግራም ሆነ ቀኝ ያገለግላል።

ከባዱ ጉዳይ ግን ስምምነት ላይ ከተደረሰ በኋላም ማፍረሱ ለእያንዳንዱ የሚያዋጣበት ነው። ለምሳሌ ሁለት መንደሮች አንድ ግጦሽ ይጋራሉ እንበል። ሁለቱም የከብታቸውን ቁጥር ቢገድቡ እያንዳንዳቸው 10 እጅ ጥቅም ያገኛሉ፤ አንዱ ሲገድብ ሌላው ቢያበዛ ያበዛው 12፣ የገደበው 6 ያገኛል፤ ሁለቱም ቢያበዙ ሣሩ ያልቅና ለእያንዳንዳቸው 7 ብቻ ይደርሳቸዋል። ጎረቤቱ ገደበም አበዛም ለእያንዳንዱ መንደር ማብዛት ይሻለዋል፤ 12 ከ10፣ 7 ከ6 ይበልጣልና። ስለዚህ ክፉ ሐሳብ የሌላቸው፣ በሚገባ የሚያሰሉ ሰዎች 10 ማግኘት እየቻሉ 7 ላይ ይወድቃሉ። ይህ የእስረኞች አጣብቂኝ በመባል የሚታወቀው ሞዴል ነው።

የስሜን ደጋ ይህን ጫና ያውቀዋል። በውስጡ የሚገኘው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ታውጆ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር የገባ ሲሆን እስከ 2017 ሳይወጣ የቆየበት አንዱ ምክንያት ከአቅም በላይ የሆነ ግጦሽ ነበር። ጋሬት ሃርዲን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 የጋራ ሀብት በመንግሥት ካልተያዘ ወይም ለግል ካልተከፋፈለ መጥፋቱ አይቀርም የሚል ክርክር አቅርቦ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ተጠቃሚዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው ለብዙ ትውልድ የጠበቋቸውን ግጦሾች፣ ደኖችና የመስኖ ውሃዎች በዝርዝር በማጥናት ይህ ግዴታ እንዳልሆነ አሳየች፤ እ.ኤ.አ. በ2009ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣት።

ለዚህ በአማራ ክልል ከመንዝ ጓሳ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ በሚነገረው የቀሮ ሥርዓት፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚውለው የጓሳ ሣር ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሕዝቡ የመረጠው ሹም ሲፈቅድ ይከፈት ነበር፤ በስውር ያጨደም ይቀጣ ነበር። ቅጣቱ ከምሳሌው 12 ላይ እየቀነሰ ማፍረስን አክሳሪ ያደርገዋል፤ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ መታወቁ ደግሞ የዛሬው ትዕግሥት የነገ ጥቅም መሆኑን ያረጋግጣል። ሰዎቹ የተለየ ደግነት ስለነበራቸው ሳይሆን ጨዋታው ራሱ ስለተለወጠ ነው ሣሩ የቆየው።

የጨዋታው ድግግሞሽም ብርቱ ኃይል አለው። ሮበርት አክሰልሮድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መባቻ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን በተደጋጋሚ የእስረኞች አጣብቂኝ ሲያወዳድር፣ ያሸነፈው በመጀመሪያ የሚተባበርና ከዚያ በኋላ ሌላው ያደረገውን የሚመልሰው የአናቶል ራፖፖርት ቀላል ስልት ነበር። የደጋው ገበሬ በወንፈል ጉልበቱን የሚያበድረው በዚሁ ስሌት ነው፤ ተራው ሲደርስ የቀረ ሰው በሚቀጥለው አጨዳ ብቻውን ይቀራል።

በአንጻሩ የነገው ዙር ሲያጠራጥር ትብብር ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ የቀሮ ሥርዓት የቆመበትን የባለመብትነት መሠረት ሲያነሣ ጓሳ ለሁሉም ክፍት ወደ መሆን ተጠጋ፣ ቀድሞ የታገሠውም ለሌላ መታገሥ ሆነበት። በስሜንም በፓርኩ ውስጥ የነበረው የጊች መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ከግጦሹ የተወሰኑ ተጫዋቾችን ቀነሰ እንጂ በዙሪያው ለቀሩት መንደሮች ስሌቱን አልለወጠላቸውም። እነዚህ መንደሮች ዘንድሮ ያልነኩት ሣር ከርሞ የእነርሱ እንደሚሆን የሚያምኑበት፣ በደንቡ አወጣጥም ድምፅ የሚኖራቸው ሥርዓት እስካልተበጀ ድረስ ከብት ማብዛት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ትክክለኛው ምርጫ ሆኖ ይቀጥላል።